የወደዱትን ልብ ወለድ ደግሞ ማንበብ

ድሬዳዋ ከሰባት ሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ ታርፋለች። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ልብስ ልለካ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። እኔ መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። በዚያ ሰዓት በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሴ አዞራለሁ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር መጽሐፌን አወጣለሁ። ሌላው ይተኛል፤ ሌላው በርጫ ላይ ነው፤ እኔ እስከ አሥር ሰዓት አነባለሁ።

አንዳንድ ደንበኛ መጽሐፉን ያይና «ይሄን ዓምናም ይዘሽው ነበር፣ እስካሁን አላለቀም እንዴ?» ይለኛል። አልቋል። ሦስት ጊዜ አልቋል። «ታዲያ መጨረሻውን እያወቅሽው ምን ያደርግልሻል አቦ?» ይላል ቀጥሎ። ይህን ጥያቄ ልብስ እየለካሁ መመለስ አልችልም። እዚህ ግን ተረጋግቼ ልመልሰው። እግረ መንገዴንም እንዴት እንደማደርገው ላሳያችሁ።

አንድን ታሪክ ደጋግሞ መውደድ ከልጅነታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነው። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን የምንከባት አዲስ ተረት ፈልገን አልነበረም። የትናንቱን ነበር የምንለምናት። ጅቡ የሚናገረውን አንዲት ቃል ብትለውጥ «እንደሱ አይደለም እማዬ!» ብለን እናርማታለን። መጨረሻውን እናውቀዋለን፤ ደስ የሚለንም ስለምናውቀው ነበር። ትምህርት ቤት ስንገባ መጽሐፍ ለፈተና የሚነበብ ሆነ። አንዴ ተነቦ ይዘጋል። ያ ልማድ እስካሁን አብሮን አለ።

የመጀመሪያውን ንባብ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሩጡ። «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያላችሁ ጨርሱት። እርሳስ አያስፈልግም። እኔ አንድ ነገር ብቻ አደርጋለሁ። ስጨርስ ከጀርባው ሽፋን በውስጥ በኩል ወሩንና የት ሆኜ እንደጨረስኩ እጽፋለሁ። «ሰኔ 1992፣ ሱቅ፣ መብራት ጠፍቶ።» በቃ። ደግማችሁ ስታነሱት ያቺ መስመር ያኔ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበራችሁ ታስታውሳችኋለች።

መቅድም ካለው መጨረሻ ላይ አንብቡት። ስለ ደራሲው የሚወራውንም አቆዩት። ይህን የተማርኩት ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። እኔ መጽሐፉ እንደገና ከታተመ በኋላ ነው ያገኘሁት፤ ይህን ሁሉ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ በየገጹ «የደርግ ባለሥልጣናት የተቆጡት በዚህ ይሆን? ወይስ በዚህኛው?» እያልኩ መርማሪ ሆኜ አነበብኩት። ባለታሪኮቹን ፀጋዬንና ፊያሜታን እንደ ሰው ያየኋቸው፣ ደርግ ኤርትራ ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን የነበረችውን አስመራ በእግሬ የሄድኩባት የመሰለኝ፣ ሁለተኛ ሳነበው ነው። ታሪኩ ይቅደም፤ የታሪኩ ታሪክ ይከተል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደግማችሁ ስታነቡ ሌላ ሰው ተከተሉ።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አባቴ የዘይት እጁን ሳይታጠብ ሬዲዮው ሥር ይቀመጣል። እናቴ ትቆጣለች። እሱ በጣቱ ዝም በይ ይላታል። እሷም ቆይታ ትቀመጣለች። ዛሬም ጉዱ ካሳ በተናገረ ቁጥር የምሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።

መጽሐፉን ራሱን ያነበብኩት በ1978 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ብቻ ነበሩ የሚታዩኝ። የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ወግ እየዘለልኩ ሰብለ ያለችበትን ገጽ እፈልግ ነበር። አለቀስኩ፤ ዘጋሁት፤ ጨረስኩት ብዬ አሰብኩ።

ሁለተኛ በ1992 ዓ.ም. አነሳሁት። ሠላሳ ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ዓመት ተቀጥሬ የምሠራበት ቦታ ላይ ያየሁትን ጥፋት በስብሰባ ተናግሬ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። ከስብሰባው በፊት «ልክ ነሽ» ያሉኝ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። መጽሐፉን ስከፍት ካሳ ዳምጤ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በልጅነቴ የሚያስቅ ሽማግሌ ነበር የመሰለኝ። አሁን ግን በሚናገረው ቁም ነገር «ጉዱ» ተብሎ የሚኖር ሰው አየሁ። የሱን ንግግር አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

ሦስተኛው በ2009 ዓ.ም. ነው። ልጄ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ገብቶ ስልኩ ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር። ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። በዚያ ሰሞን መጽሐፉን ስከፍት ገና ከመጀመሪያው ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ያዙኝ፤ የበዛብህ እናትና አባት። በ1978 እነሱን በአንድ ትንፋሽ ነው ያለፍኳቸው፤ የፍቅሩ ታሪክ እስኪጀምር። አሁን ግን ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሳሉ እጄ መጽሐፉ ላይ ቀረ። ከፍቅር የተነሳ የተሳሉት ስለት ነው በኋላ ልጁን የሚያስረው። ስለቱን ሲሳሉ ይህን አላወቁም። እኔም ተስዬ ነበርና እነሱን መውቀስ አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛ ሽቲ ቀሚስ ልታሰፋ ገብታ «ምን ሆንሽ እትዬ?» ብላ ደነገጠች።

መጽሐፉ ያው ነው። የሄድኩት ግን ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ እናንተም ደግማችሁ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው ምረጡ። ዋናው ባለታሪክ አይሁን። እናቲቱ፣ አገልጋዩ፣ አንድ ምዕራፍ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ጎረቤት ይሁን። እሱ ሲመጣ ቀስ በሉ። እሱ በሌለበት ገጽ ላይ «አሁን የት ነው? ይህን ሰምቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ረጅም የፍቅርና የማኅበራዊ ኑሮ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ አራት አምስት ጊዜ ይነበባል፤ ሁሌም አዲስ ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ ሌላ አያያዝ አለው። እዚያ ላይ ሰው መከተል ብዙም አያስኬድም፤ መከተል ያለባችሁ ዕቃዎችን ነው። ይህንንም ያወቅኩት በአንድ ጉዳት ነው። ልጅ ሳለሁ በስሙኒ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ሰፈራችን ነበር። አንድ ቀን ሽፋን የሌለው የወንጀል ልብ ወለድ ሰጠኝ። ርዕሱን አላውቀውም፤ ደራሲውንም። ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ አነበብኩ። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። ጠዋት ሄጄ ብናገር ሰውዬው ስሙኒዬን አልመለሰልኝም፤ ቀሪውንም አላገኘልኝም።

መጽሐፉን ግን እስከ ማታ እንድይዘው ተወልኝ። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛውን ከኋላ ወደ ፊት፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ዘበኛው ፋኖሱ ጋዝ ጨርሷል ብሎ ለቤቱ እመቤት ሲያመለክት አለ። ተራ ወሬ ነው፤ ማንም ያልፈዋል። ከብዙ ገጽ በኋላ ለፖሊስ ሲናገር «ጩኸት ሰምቼ ፋኖሴን ይዤ ወጣሁ፤ ማንም አልነበረም» ይላል። በምን ጋዝ? ያቺን ስይዝ ደነገጥኩ። ደራሲው እውነቱን ፊት ለፊት አስቀምጦልኝ በሩጫ አልፌዋለሁ። ገዳዩ ዘበኛው መሆኑን እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ያን ቀን ያገኘሁትን ደስታ ግን መጨረሻውን በማወቅ የማገኘው አይመስለኝም።

እንግዲህ የወንጀልና የስለላ መጽሐፍ ስትደግሙ እርሳስ ያዙ። ፋኖስ፣ ቁልፍ፣ ሰዓት፣ ደብዳቤ ባነሱ ቁጥር ዳር ላይ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። መልሱን ስለምታውቁ ደራሲው እንዴት እንደደበቀው ታያላችሁ። ሁለተኛ ሲነበብ የሚፈርስ መጽሐፍ አለ፤ ተንኮሉ ሲታወቅ ምንም የማይቀረው። አንድም ነጥብ ሳታደርጉ ግማሹ ላይ ከደረሳችሁ ተዉት፤ ለሌላ ሰው ስጡት። ጥሩው ግን ሲደገም ይጠነክራል።

ትርጉም ልብ ወለዶችን ደግሞ በሙያችሁ ዓይን አንብቡ። ነቢይ መኮንን የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ልውሰድ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ዋናው መጽሐፍ የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቼል ነው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመ። የአማርኛው ርዕስ ከመጽሐፉ ማብቂያ፣ ከዋናዋ ባለታሪክ ከስካርሌት ኦሃራ የመጨረሻ ቃል የተወሰደ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ጦርነቱና ረሃቡ ነው ያስጨነቀኝ። ስደግመው ግን አንድ መጋረጃ ላይ ቆምኩ። ጦርነቱ አልፎ ስካርሌት ደህይታለች። የእርሻው ግብር የሚከፈልበት ገንዘብ የላትም። ከባለ ገንዘቡ ከሬት በትለር ልትበደር አስባለች፤ ግን እንደ ድሃ ሆና መቅረብ አትፈልግም። የእናቷን አረንጓዴ የከፈይ መጋረጃ ታወርድና ቀሚስ ይሰፋላታል።

ከፈይ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ፀጉሩ ወደ አንድ በኩል ነው የሚተኛው። በእጃችሁ ወደ ታች ስታሹት ይለሰልሳል፤ ወደ ላይ ሲሆን ይቆማል። ስትቆርጡ ሁሉንም ክፍል በአንድ አቅጣጫ ካላደረጋችሁ አንዱ ጎን ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ብሎ ይታያል፤ ቀሚሱ ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል። በዚያ ላይ መስኮት ላይ የኖረ መጋረጃ ነው። እጥፋቱ ውስጥ የነበረው ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ ፀሐይ የመታው ይገረጣል። እኔ በሐሳቤ ያን መጋረጃ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ የትኛውን ለደረት፣ የትኛውን ለእጅጌ እንደማደርግ አሰላሁ። የገረጣውን ወደ ውስጥ፣ ወደ ስፌቱ። ግማሽ ሰዓት አንድ ገጽ ላይ ቆየሁ።

ከዚያ ሬት መዳፏን ይዞ ይገለብጠዋል። በእርሻ ሥራ የሻከረ መዳፍ ነው። ቀሚሱ ያልተናገረውን እጇ ተናገረ። መጀመሪያ ሳነበው እዚህ ላይ ያዘንኩት ገንዘቡን ስላላገኘች ነበር። ስደግመው ለቀሚሱ አዘንኩ። ያ ሁሉ ልፋት!

ሹፌር ከሆናችሁ ልብ ወለድ ውስጥ መንገዱን ተመልከቱ። ነርስ ከሆናችሁ የታመመውን ማን እንደሚያስታምም እዩ። ወጥ የምትሠሩ ከሆነ በታሪኩ ውስጥ ማን ሠርቶ ማን እንደሚበላ ቁጠሩ። ሌላ ሰው የማያየውን ታያላችሁ።

አጭር ልብ ወለድ ጮክ ተብሎ ይደገም። በቀን አንድ ይበቃል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። በቤቷ ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛን ከሰፈር ነው የለመደችው። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እሷ ቁልፍ እየተከለች እኔ አነብላታለሁ። አንድ ቀን «ጀንበር ስታዘቀዝቅ» የሚል ላይ ስደርስ መርፌዋን አቆመች። ማዘቅዘቅን የምታውቀው ከጀሪካን ነው፤ ውኃ ሲያልቅ ይዘቀዘቃል። «ፀሐይ ምን ልትቀዳ ነው?» አለችኝ። ያን ሐረግ ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ነው ፀሐይ እንደ ዕቃ ዘንበል ስትል ያየኋት። የሚጠይቅ ሰው ካለ ደግሞ ማንበብ ቀላል ነው። ከሌለም ለራሳችሁ ጮክ በሉ፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል።

በምን ቅደም ተከተል ይነበብ ለሚለው እኔ ከመርፌ ነው የተማርኩት። ጂንስ የሰፋሁበትን ወፍራም መርፌ ሳልቀይር ሐር ካስገባሁ ሐሩ ይሳባል፣ ቀዳዳውም ይቀራል። ከከባድ ልብ ወለድ ወጥቶ ወዲያው ሌላ ከባድ መጀመርም እንደዚያ ነው፤ ሁለተኛው ያለ ጥፋቱ ይጎዳል። በመሃል መርፌ ቀይሩ። ከታሪካዊ በኋላ የወንጀል፣ ከወንጀል በኋላ አጭር፣ ከዚያ የድሮ ወዳጃችሁን ድገሙ። እኔ ሁለት አዲስ ካነበብኩ ሦስተኛው የተነበበ ነው።

ቦታም ቀይሩ። ክርና ቁልፍ ለመግዛት ሐረር ስወጣ መጽሐፍ ይዤ ነው የምሄደው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲጨርስ አየሩ ይለወጣል፤ ሐረማያ ላይ ነጠላዬን እደርባለሁ። በግንብ በታጠረው የድሮው ሐረር፣ በጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው በር ላይ ተደርድረው ከሚሰፉት የልብስ መኪናዎች ድምፅ ነው። ጉዳዬን ስጨርስ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ አዝዤ ጥጌን ይዤ አነባለሁ። ድሬ ላይ በላብ ያነበብኩት የክረምት ምዕራፍ እዚያ እውነት ይሆናል።

ደጋግሞ የሚያነብ ሰው መጽሐፍ መጠገን ማወቅ አለበት። በተለይ እኛ ጋ፤ በድሬ ሙቀት የጀርባው ሙጫ ይለቅና ገጹ እንደ ካርታ ይበተናል። ሐረር በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን በእጅ የተጻፉ የድሮ መጻሕፍት ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። በክር የተሰፉ ናቸው። ክር ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

የምሠራው እንዲህ ነው። ገጾቹን በቁጥራቸው አሰልፋለሁ። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጌ እየመታሁ አስተካክለዋለሁ። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሃል አስገብቼ አጥብቄ አስራለሁ። ከጀርባው ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ከገባችሁ ጽሑፉን ይነካል። በቀጭን ወስፌ እበሳለሁ፤ መጽሐፉ ወፍራም ከሆነ በቀጭን ሚስማርና በመዶሻ። በስፌት መኪና አትሞክሩት። ቀዳዳው ስለሚቀራረብ ወረቀቱ በመስመሩ ይቀደዳል። የጫማ ሰፊ ክር ወስዳችሁ ጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት፤ ሰም ሲጠጣ አይላላም። ከመሃለኛው ቀዳዳ ጀምሩ፣ እስከ አንዱ ጫፍ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ በሌላው ጫፍ ዙሩ፣ መሃል ላይ ቋጥሩ። ጀርባውን በገበር ቁራጭና በኮላ ሸፍኑት። ከባድ ነገር ጭናችሁበት ይደር። እንደ ድሮው ተዘርግቶ አይከፈትም፤ በእጅ መያዝ ይፈልጋል። ገጽ ግን አይጥልም።

ለሰው ማዋስም አለ። ልኬት የምጽፍበት ደብተር ላይ ነው የምመዘግበው። «ደረት 92፣ ወገብ 78፣ እጅጌ 58፣ ኦሮማይ።» ልብሷን ልትወስድ ስትመጣ መጽሐፉን አስታውሳታለሁ። ባለፈው ወር አንዷ ስትመልስልኝ ገጾቹ ዳር ላይ እኔ ያላደረግኳቸው ነጥቦች አገኘሁ። አንዱ ነጥብ እኔ ሦስቴ ያለፍኩት አረፍተ ነገር ጎን ነው። ላጲስ አላነሳሁም። ቅዳሜ ቀሚሷን ልትለካ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ።